በዘውድና በጠመንጃ መሃል፦ የኔፓል ፓርቲዎች ነገር

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ከላይ ንጉሥ፣ ከጫካ ታጣቂ ባለበት አገር መሃል ላይ ያለ ፓርቲ ምን ማድረግ ይችላል?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ረዘመብኝና እዚህ ላወጣው ወሰንኩ። የማወራው ስለ ኔፓል ነው። ኳታርና ዱባይ የሠራችሁ ኔፓሎችን ሳታውቋቸው አትቀሩም። ብዙዎቹን ከመንደራቸው ያስወጣቸው ድህነቱ ብቻ ሳይሆን ይሄ ጦርነትም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኔፓሎችም እንደኛ የራሳቸው ዘመን መቁጠሪያ አላቸው፤ የኛ ከፈረንጁ ወደኋላ ሲቀር የነሱ ግን 57 ዓመት ገደማ ይቀድማል።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1960 ነው። ንጉሥ ማሄንድራ በምርጫ ያሸነፈውን የቢ. ፒ. ኮይራላን መንግሥት በትነው ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሰሩ፣ ፓርቲዎችንም በሕግ አገዱ። እገዳው 30 ዓመት ቆየ። በ1990 ኔፓሊ ኮንግረስና ግራ ዘመሞቹ አብረው ሕዝቡን አደባባይ አወጡ፤ የማሄንድራ ልጅ ንጉሥ ቢሬንድራም እጃቸውን ሰጥተው እገዳውን አነሱ። አዲስ ሕገ መንግሥት ተጻፈ፣ በ1991 ምርጫ ተደረገ፣ ኮንግረስ ከ205 ወንበር 110 አገኘ። እስቲ አስቡት፣ በኛ አገር በ1966 ዓ.ም. ዙፋኑ ሲናጋ በሕግ የታወቀ አንድም ፓርቲ አልነበረም፤ ክፍተቱን ወታደሩ ሞላው። ኔፓሎች ቢያንስ ፓርቲ ነበራቸው።

ግን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ቀረ፤ ሠራዊቱ። የጦሩ የበላይ አዛዥ ንጉሡ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያለበት የመከላከያ ምክር ቤት ሐሳብ ያቀርባል፣ ጦሩ የሚንቀሳቀሰው ግን ቤተ መንግሥቱ ሲፈቅድ ነው። ስለዚህ ፓርቲዎቹ በእጃቸው የነበረው ፖሊስ ብቻ ነበር። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

በየካቲት 1996 ባቡራም ባታራይ የተባለ የማኦኢስቶች መሪ ለጠቅላይ ሚኒስትር ሼር ባሃዱር ዴውባ 40 ጥያቄ አቀረበ። መሬት ለአራሹ አለበት፣ የንጉሡ ልዩ መብት ይቅር አለበት፣ ሕዝብ በመረጣቸው ተወካዮች አዲስ ሕገ መንግሥት ይጻፍ የሚልም አለበት። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ፣ 4 ቀን ሲቀረው፣ ሮልፓና ሩኩምን በመሳሰሉ ድሃ ወረዳዎች ፖሊስ ጣቢያዎች ተጠቁ። ካትማንዱ ያሉት ፖለቲከኞች ነገሩን የጥቂት ሽፍቶች ጉዳይ አድርገው ነው ያዩት። እነሱ ሌላ ሥራ ነበረባቸዋ! ከ1994ቱ ምርጫ እስከ 1999ኙ ድረስ 5 ጠቅላይ ሚኒስትር ተፈራረቀ። ከአምስቱ ሁለቱ በእገዳው ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉ ሰዎች ናቸው፤ ወደ ሥልጣን የመለሷቸውም ያንን ሥርዓት ጥለናል የሚሉት ፓርቲዎች ራሳቸው፣ አንዱ ሌላውን ለመጣል ሲሉ ነው። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ከንጉሡም ከጫካውም በፊት አቅማቸውን የበሉት እርስ በርስ ነው።

በመስከረም 2000 ዱናይ የምትባል የተራራ ከተማ ስትጠቃ 14 ፖሊሶች ሞቱ። ጦሩ ቅርብ ነበር፤ አልደረሰላቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሆሌሪ በሚባል ቦታ ወደ 70 ፖሊሶች ተማረኩ። አሁን ጦሩ ተላከ፣ ግን ውጊያ አልገጠመም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጊሪጃ ፕራሳድ ኮይራላ (የቢ. ፒ. ወንድም ናቸው) ሥልጣን ለቀቁ። ምን ያድርጉ? የማይታዘዝላቸው ጦር ይዘው ጦርነት ይመራሉ?

በሁለቱ መሃል ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰኔ 1 ቀን 2001 ማታ ንጉሥ ቢሬንድራ፣ ንግሥቲቱና ሌሎች ቤተሰቦቻቸው በጥይት ተገደሉ። ይፋው ምርመራ ገዳዩ አልጋ ወራሹ ዲፔንድራ ነው አለ። እሱም ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኝቶ ንጉሥ ተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዙፋኑ ለሟቹ ንጉሥ ወንድም ለጊያኔንድራ ደረሰ። ሕዝቡ ይፋውን ታሪክ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመነም። እኔ ወደ ሴራው አልገባም።

አሁን ወደ መንደሩ እንውረድ፤ የፓርቲዎቹ ሞት የታየው እዚያ ነውና። የፓርቲ ሰው ማለት የቀበሌ ሹም ነው፣ አስተማሪ ነው፣ ነጋዴ ነው። ማኦኢስቶቹ "ሰላይ" እያሉ ይገድሉታል ወይ ያባርሩታል፤ የመንግሥት ወታደር ሲመጣ ደግሞ "ማታ ለታጣቂ እራት አብልተሃል" ብሎ ይይዘዋል። በጥር 2002 ላምጁንግ ወረዳ ውስጥ ሙክቲናት አዲካሪ የተባለ ርዕሰ መምህር ከትምህርት ቤቱ ተወስዶ፣ ዛፍ ላይ ታስሮ በማኦኢስቶች ተገደለ። ፎቶውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ጠመኔ ይዤ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይሄን ታሪክ ሳነብ ሁሌ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ እቆያለሁ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የአካባቢ ምክር ቤቶች ዘመናቸው አለቀ። የዴውባ መንግሥት አላራዘመላቸውም፣ ምርጫም የለም። ፓርላማውም ቀደም ብሎ፣ ግንቦት ላይ፣ በራሳቸው በዴውባ ጥያቄ ተበትኗል። ኮንግረስም ለሁለት ተሰንጥቋል። እንግዲህ ፓርቲዎቹ ላይ ወንበር የለም፣ ታች መሬት የለም። ጥቅምት ላይ ዴውባ "ምርጫውን እናዘግይ" ብለው ንጉሡን ቢጠይቁ፣ ጊያኔንድራ "ብቃት የለህም" ብለው አባረሯቸው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የፈለጉትን እየሾሙ እየሻሩ ቆዩ፤ በ2004 ዴውባን እንደገና ሾሙ። ያኔ ትልቁ የኮሚኒስት ፓርቲ አደባባይ ላይ የጀመረውን ተቃውሞ ትቶ ካቢኔ ገባ። ንጉሡ ከስህተታቸው በግማሽ ተመልሰዋል ነው ምክንያቱ።

የካቲት 1 ቀን 2005 ግን ግማሹም ተነሳ። ንጉሡ በቴሌቪዥን ቀርበው መንግሥቱን በተኑ። ስልክና ኢንተርኔት ተቆረጠ፣ ወታደሮች የጋዜጣ ቢሮዎች ገቡ፣ የፓርቲ መሪዎች ቤታቸው ውስጥ ታሰሩ። ንጉሡ ሰላምና ዴሞክራሲን በ3 ዓመት እመልሳለሁ ብለው ራሳቸው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆኑ። ፓርቲዎቹ ለ9 ዓመት ሊወስኑ ያቃታቸውን እሳቸው ወሰኑላቸው።

ማኦኢስቶቹም ቢሆኑ ገጠሩን ይያዙ እንጂ ካትማንዱን በጠመንጃ መያዝ እንደማይችሉ ገብቷቸው ነበር። በኅዳር 2005 ሰባቱ ፓርቲዎችና ማኦኢስቶቹ ዴልሂ ላይ በ12 ነጥቦች ተስማሙ። ታጣቂዎቹ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓትን ተቀበሉ፤ ፓርቲዎቹ ደግሞ በ1996 የናቁትን ጥያቄ፣ ሕገ መንግሥት የሚጽፍ በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤን፣ ተቀበሉ። ልብ በሉ፣ ከ40ዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው ይሄ። በመሃል ከ10,000 ሰው በላይ አልቋል።

በሚያዝያ 2006 ለ19 ቀናት አድማና ሰልፍ ሆነ፣ ሰዓት እላፊውን ጥሶ ሕዝብ ወጣ። ንጉሡ በ16ኛው ቀን "ጠቅላይ ሚኒስትር እጩ አቅርቡልኝ" አሉ። የውጭ ዲፕሎማቶች "ይበቃል፣ ተቀበሉ" አሏቸው። በአሮጌው ልማድ ቢሆን አንዱ ፓርቲ ሮጦ ይቀበል ነበር። አሁን ግን ቀለበት መንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ የሚለቃቸው አልሆነም፤ እምቢ አሉ። በ19ኛው ቀን እኩለ ሌሊት አካባቢ የተበተነው ፓርላማ እንዲመለስ ንጉሡ አወጁ። ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ታማሚው ኮይራላ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከማኦኢስቶቹ ጋር የሰላም ስምምነት ፈረሙ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ለዘውዱ ሆዳቸው አልጨከነም፤ ሕፃኑ የልጅ ልጅ ይንገሥ እስከማለት ደርሰው ነበር።

የሰማቸው የለም። በ2008ቱ ምርጫ ማኦኢስቶቹ አንደኛ ወጡ፣ የነባሮቹ ፓርቲዎች ትልልቅ ሰዎች ተሸነፉ። ግንቦት 28 ጉባኤው በ560 ድምፅ፣ 4 ተቃውሞ፣ ወደ 240 ዓመት የቆየውን ዘውድ አስወገደ። ጊያኔንድራ ዘውዳቸውን አስረክበው ከናራያንሂቲ ቤተ መንግሥት ወጡ፣ ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ከ1,300 በላይ ሰዎች ግን በመንግሥትም በማኦኢስቶቹም ተወስደው የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀርተዋል፤ የጠፉትን የሚያጣራ ኮሚሽን የተቋቋመው ገና በ2015 ነው።

ሕገ መንግሥቱን ለመጻፍ ለምን 7 ዓመት እንደፈጀባቸው ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ ፈተና አርሜ ስጨርስ እመልሳለሁ።