ሁሉም ሲወደድ የረከሰ ዕቃ

በማርች 1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብሉሚንግተን በምትባል የአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ከተማ ካለው የአርሲኤ ኩባንያ ፋብሪካ አንድ ባለቀለም ቴሌቪዥን መውጣት ጀመረ። ስሙ ሲቲ-100 ነው። የእንጨት ሳጥኑ ሳሎን የሚያጣብብ ሲሆን ሥዕሉ የሚታይበት መስኮት ግን 12 ኢንች ቢሆን ነው። ዋጋው 1,000 ዶላር ተቆረጠለት።

በዚያ ዓመት የአሜሪካ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 75 ሳንቲም ነበር። በዚህ ደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ሲቲ-100 ሊገዛ ቢመኝ ሳይበላ ሳይጠጣ፣ የቤት ኪራይም ሳይከፍል ከሰባት ወር በላይ መሥራት አለበት። በዛሬው ገንዘብ ሲመነዘር ዋጋው ከ11,000 ዶላር ያልፋል። ገዢ ጠፋ። ኩባንያው በኦገስት ወር ዋጋውን ወደ 495 ዶላር አወረደው፤ ቸኩሎ በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው ያን ዕለት ጋዜጣ ሲገልጥ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

ዛሬ እዚያው አሜሪካ ውስጥ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በ200 ዶላር ገደማ ይገኛል። የፌዴራሉን ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ማለትም በሰዓት 7.25 ዶላር የሚያገኝ ሰው፣ የአራት ቀን ሥራ ሳይሞላ ይገዛዋል።

ነገሩን የሚያስገርመው አብዛኛው ዕቃ ወደ ላይ ሲወጣ ይህ ወደ ታች መውረዱ ነው። በመንግሥት የዋጋ መዝገብ መሠረት ከ1950 ወዲህ የአሜሪካ አጠቃላይ የሸማቾች ዋጋ 13 እጥፍ ገደማ አድጓል። በዚያው መዝገብ የቴሌቪዥን ዋጋ ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል።

ይህን የ99 በመቶ ነገር ግን ሳያላምጡ መዋጥ አይገባም። በሁለት በሦስት ዶላር ቴሌቪዥን የገዛ ሰው የለምና። መዝገቡን የሚያጠናቅረው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ1999 ጀምሮ የቴሌቪዥንን ዋጋ የሚመዘግበው ጥራቱን እያሰበ ነው። ቢሮው ራሱ በማስረጃነት የሚያቀርበው ምሳሌ አለ፦ ባለ 27 ኢንቹ አሮጌ ዓይነት በ250 ዶላር ይሸጥ የነበረበት መደርደሪያ ላይ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ በ1,250 ዶላር ተተካ። ሸማቹ አምስት እጥፍ ይከፍላል። በቢሮው ስሌት ግን የስክሪኑ ስፋትና ዓይነት ዋጋ ተተምኖ ሲቀነስ ቴሌቪዥን በ7 በመቶ ገደማ ረከሰ ይባላል። ስሌቱ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ ኪሱን ለሚዳብስ ሰው ግን መጽናኛ አይሆነውም።

ዋጋው እንዲህ የወረደው በራሱ ጊዜ አይደለም። ታሪኩን ለማግኘት ወደ 1939ኙ የኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት መመለስ ያስፈልጋል። አርሲኤ እዚያ ያቀረበው ቲአርኬ-12፣ ሥዕሉ ክዳኑ ላይ በተገጠመ መስታወት የሚታይ ባለ 600 ዶላር ዕቃ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ባለ 10 ኢንቹ 630-ቲኤስ በ375 ዶላር መጣ። በሆዱ 30 ያህል ቫልቭ፣ ማለትም አየር አልባ የመስታወት ቱቦ፣ ታጭቆበታል፤ እያንዳንዱ ቫልቭ ደግሞ ገንዘብ ነው።

በዚህ መሀል ነው ኧርል ማንትዝ ብቅ ያለው። ሰውየው ካሊፎርኒያ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያው ራሱን «እብዱ ማንትዝ» እያለ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ነበር። የራሱን ቴሌቪዥን ማሠራት ሲጀምር ከኪሱ የሽቦ መቁረጫ ጉጠት አይለይም ነበር ይባላል። አንዱ መሐንዲስ የሠራውን ዕቃ እያበራ ሲያሳየው ማንትዝ ጎንበስ ይልና አንዱን ክፍል ቀጭ ያደርገዋል። ሥዕሉ አልጠፋም? ሌላውን ቀጭ። እንዲህ እያለ ሄዶ ሥዕሉ ድርግም ሲል ያን የመጨረሻውን ብቻ መልሰህ ግጠመው ብሎት ይወጣል። የቫልቩ ብዛት ወደ ግማሽ ግድም ወረደ፤ ዋጋውም ከ100 ዶላር በታች ገባ። የተቆረጡት ክፍሎች ያለምክንያት የተቀመጡ አልነበሩም፤ ከማሠራጫው ርቆ ደካማ ምልክት ለሚደርሰው ገጠር የሚያስፈልጉ ነበሩ። ማንትዝ ግን የሚሸጠው ማሠራጫው አጠገብ ላሉ ከተሜዎች ነው። ኩባንያው በ1954 ከሰረ፤ መሐንዲሶች ግን ትርፍ ክፍል መቀነስን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ጉጠቱ የጀመረውን ትራንዚስተሩ ጨረሰው። ቫልቭ ወጥቶ ትራንዚስተር ሲገባ መሣሪያው ቀለለ፣ መገጣጠሙም ቀለለ፤ መገጣጠሙ ከቀለለ ደግሞ ጉልበት ርካሽ ወደሆነበት አገር መውሰድ ይቻላል። የጃፓን ፋብሪካዎች ገበያውን ሲያጥለቀልቁት የአሜሪካው ቴሌቪዥን አምራች ዜኒት፣ ሆን ብለው እየከሰሩ የሚሸጡት እኛን ለማጥፋት ተማክረው ነው ብሎ በ1974 ከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1986 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ዜኒት ተሸነፈ። ሃያ ዓመት ሙሉ አውቆ የሚከስር ነጋዴ የት ይገኛል ነው የፍርዱ ፍሬ ነገር። የዜኒት አብላጫ ድርሻ በ1995 በኮሪያው ኤልጂ እጅ ገባ። ሲቲ-100 የተወለደበት የብሉሚንግተን ፋብሪካም በ1998 ተዘጋ። ከተማዋ ራሷን የዓለም የባለቀለም ቴሌቪዥን መዲና እያለች ትጠራ ነበር። ሥራው ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ፣ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ገባ። ከዋጋው መቀነስ ውስጥ የእነዚያ ሠራተኞች ደመወዝ ስንት እንደሆነ በዋጋ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ቀጭኑ ስክሪን መጀመሪያ ሲመጣ ዋጋውን መልሶ ሰማይ አድርሶት ነበር። በ1997 የፊሊፕስ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማ 14,999 ዶላር ተጠየቀበት፤ ዛሬ 29,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ያን ከፍታ ያፈረሰው ኤልሲዲ የተባለው ሌላ ዓይነት ቀጭን ስክሪን የሚሠራበት መስታወት ነው። ስክሪኑ አንድ በአንድ አይሠራም፤ ልብስ ሰፊ ከጣቃው እንደሚቆርጥ ከአንድ ትልቅ መስታወት ይቆረጣል። መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ብክነቱ ያንሳል፣ ቁራጩም ይረክሳል። ቢኦኢ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሄፌይ ከተማ ውስጥ ባቆመው ፋብሪካ የአንዱ መስታወት ስፋት 2.94 በ3.37 ሜትር ሲሆን ስምንት ባለ 65 ኢንች ስክሪን ይወጣዋል።

አምራቾቹ መርከሱን ሊያቆሙት ሞክረዋል። የኮሪያና የታይዋን ኩባንያዎች ታይፔ ሆቴሎች ውስጥ «የክሪስታል ስብሰባ» እያሉ በድብቅ ሲገናኙና የስክሪን ዋጋ ሲወስኑ ኖረዋል። ኤልጂ ዲስፕሌይ በአሜሪካ ጥፋቱን አምኖ 400 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ክሱን የተከራከረው የታይዋኑ ኤዩ ኦፕትሮኒክስ በ2012 ተሸንፎ 500 ሚሊዮን ተቀጣ።

አሁን ደግሞ ዕቃው ረክሶ ረክሶ ከዕቃው ማትረፍ አስቸጋሪ ሲሆን ሌላ የሚሸጥ ነገር ተገኘ፤ ተመልካቹ። በ2017 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ቪዚዮ የተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖቹ አማካይነት ቤተሰቡ ምን እንደሚያይ በየሰከንዱ እየመዘገበ ያለፈቃድ ሲሸጥ ነበር ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ጆሮ ጠቢ፣ ያውም ባለቤቱ ከፍሎ ያስገባው! ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቪዚዮ ትርፍ አብዛኛው ከመሣሪያ ሽያጭ ሳይሆን ከማስታወቂያና ከመረጃ የሚመጣ ሆነ። የችርቻሮ ነጋዴው ዋልማርት በ2024 ኩባንያውን በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ሲጠቀልለው የፈለገው ያንኑ የማስታወቂያ ሥራ መሆኑን በይፋ ተናግሯል።