ቆዳና ነርቭ በቡታጅራ፦ ስለ ትልልቅ የትውልድ ምልክቶች



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አንድ ሕፃን ትንሽ ጥቁር ምልክት ይዞ ቢወለድ «ማርያም የሳመችው ነው» ተብሎ በደስታ ይታለፋል። ምልክቱ እንደ ካባ ጀርባውን የሸፈነና ፀጉር ያበቀለ ከሆነ ግን አነጋገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የምትጠየቀው እናቲቱ ናት፤ በእርግዝናዋ ምን አምሯት አጣች፣ ምን አይታ ደነገጠች ይባላል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ጥያቄ ተገቢ መልስ ያገኘበትን ረጅም መንገድ ይመለከታል።

ከቅርባችን ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ ዙሪያ ባለው ገጠር ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የነርቭ በሽታዎችን አጠኑ። ለዚሁ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን አዳረሱ። ከሁሉ በዝቶ የተገኘው የሚጥል በሽታ ሲሆን 316 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከሺህ ሰው አምስት ያህል መሆኑ ነው። ከእነዚህም በዘመናዊ መድኃኒት ይታከሙ የነበሩት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በዝርዝሩ ውስጥ የፖሊዮ ሽባነት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ መስማትና መናገር አለመቻል፣ እንዲሁም በአመዛኙ ከሥጋ ደዌ የመጣ የእጅና የእግር ነርቮች ጉዳት ይገኛሉ።

እኔን ቆም የሚያደርገኝ ይህ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ነው። የቆዳና የነርቭ ሕመም አብረው እንደሚሄዱ ገበሬው ከሐኪሙ በፊት ያውቅ ነበር፤ የደነዘዘ ቆዳ፣ ከዚያ የሚሰንፍ እጅ፣ ከዚያ ከሰው መገለል። በእኔ አስተያየት በቆዳ ላይ የሚታይ ትልቅ ምልክት ሁሉ የሚፈራው ከዚህ ትዝታ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ሥጋ ደዌ ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ባክቴርያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው፤ አብሮ የተወለደ ጥቁር ምልክት ግን ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም።

ይህኛው ምልክት ከነርቭ ጋር ያለው ዝምድና ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በቪየና የሚሠራው ሮኪታንስኪ ሰፊ ጥቁር ምልክት የነበረባትንና በአንጎሏ ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባትን የ14 ዓመት ልጅ ሁኔታ መዝግቦ አቆየ። ሁለቱ ለምን በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ? መነሻውን ያሳየን የጫጩት ፅንስ ነው። ቪልሄልም ሂስ እ.ኤ.አ. በ1868 በፅንሱ ጀርባ፣ ኅብለ ሰረሰር በሚሠራበት ጠርዝ ያሉ ሴሎችን ገለጸ። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሴሎች የሚነሡት ከዚያ ነው። በበዙበት ጊዜ በቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በአንጎልና በአንጎል ሽፋን ውስጥም ሊሰፍሩ ይችላሉ። ቤልጂጋዊው ቫን ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕመሙ መጠሪያ ሰጠው። የእናቲቱ ነፃ መውጫ የመጣው ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ በብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ ምክንያቱ ኤንራስ በተባለ ጅን ላይ ከፅንሰት በኋላ የሚደርስ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። ከእናትም ከአባትም አይወረስም፤ አምሮትም ድንጋጤም የለበትም።

እንዲህ ያለው ትልቅ ምልክት ከ20,000 ውልደት በአንዱ ገደማ ይታያል። በዚህ ስሌት በቡታጅራው ጥናት ከታዩት 60,820 ሰዎች ውስጥ የሚጠበቁት ሦስት ያህል ናቸው፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ የነርቭ ሕመም አይኖርባቸውም። ስለዚህ ጥናቱን አልወቅስም። የሚያሳስበኝ ያ አንዱ ሕፃን ነው። ምልክቱ ዋናው ትልቁ ብቻ ሳይሆን ብዙ ትንንሾች የከበቡት ከሆነ አደጋው ይጨምራል፤ ማስመለስ፣ የጭንቅላት ማደግና መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራሉ። በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ሲንዘፈዘፍ የሚታየው መንዘፍዘፉ ብቻ ነው፤ ጠበል የወሰደውም፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ የያዘውም «የሚጥል» ብለው ይተዉታል።

በአንጎል ውስጥ ያለውን ቀለም ኤምአርአይ አጥርቶ የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንጎል እየበሰለ ሲሄድ ይሸፈናል። ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ አለ። ጉዞውን የሚያስጀምረው ግን መሣሪያ አይደለም። በአዳራሹ ያላችሁ የጤና ተማሪዎች፣ የሚንዘፈዘፍ ሕፃን ሲመጣላችሁ ጋቢውን ግለጡና ጀርባውን እዩ፤ እናቲቱንም ምን አምሯት እንደነበር አትጠይቋት።