ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ፤ የመናገሻ ምርጫና የማገዶ ጥያቄ

«ከተማ» የሚለው ቃል የዛሬውን ትርጉሙን ከመያዙ በፊት የሰፈር፣ የድንኳንና የጦር ማረፊያ ስም ነበር። «ከተመ» ሲባልም ጉዞውን አቁሞ ሰፈረ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በጋውን ከነሠራዊታቸው ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ይከርሙና፣ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ወንዙ ሲሞላና መንገዱ ሲጨቀይ በአንድ ቦታ ይከትሙ ነበር። ስለዚህ የመናገሻ ቦታ ምርጫ ከጥንት አንሥቶ ከዝናብ ጋር የተሳሰረ ጉዳይ ነው። ሠራዊቱ ያካባቢውን እህልና ማገዶ ሲጨርስ ከተማው ይነሣል፤ ባላገሩ ግን ከባዶ ጎተራው ጋር እዚያው ይቀራል።

የዚህ የዘላን መናገሻ ታሪክ የመጨረሻው ታላቅ ምዕራፍ የተፈጸመው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በሸዋ ነው። ምርጫው በሩቅ አገሮች መካከል አልነበረም። በአንድ ተራራ አናትና ከሥሩ በተዘረጋው ሜዳ፣ ማለትም በእግር የጥቂት ሰዓት መንገድ በሚለያቸው በእንጦጦና በፍልውኃ መካከል ነበር።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ምዕራብ እያዞሩ ቆይተው በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሰፈሩ። ቦታውን ያስመረጧቸው ሁለት ምክንያቶች ናቸው። አንደኛው፣ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በፊት የነበሩት ነገሥታት በዚያ አካባቢ ከትመው ነበር የሚለው ትውፊትና ተገኘ የተባለው የጥንት ፍርስራሽ ነው። ጥንታዊ ሐረግ ለሚፈልግ ዙፋን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለተኛውና ሚዛን የሚደፋው ግን ወታደራዊው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከዚያ ሸንተረር ላይ የቆመ ዘበኛ ጠላት ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያያል።

ለዘበኛ የተመቸው ቦታ ግን ለነዋሪው አልተመቸም። በክረምት ጉሙ እስከ ቀትር አይገለጥም፤ ነፋሱ የሣር ክዳን ይገፋል፤ መብረቁ ተደጋጋሚ ነው። ዝናቡ እንዲያ እየወረደ የሚጠጣ ውኃ ከቁልቁለት ተቀድቶ በሰው ጀርባ መውጣት ነበረበት። እንጦጦ የዐባይና የአዋሽ ተፋሰሶች መለያ በመሆኑ የወረደበትን ውኃ በሰሜንና በደቡብ ያፈሰዋል እንጂ ለራሱ አያስቀርም። ከሁሉ የከፋው የእንጨት ጉዳይ ነው። በብርድ አገር የሰፈረ ሠራዊት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዳል። ተራራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራቆተ፤ እንጨት ለቃሚውም ዕለት ዕለት ወደ ሩቅ ሸለቆ መውረድ ግድ ሆነበት።

ከተራራው ሥር ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ሜዳ አየሩ ለዘብ ያለ፣ ፀሐዩ የሚሞቅ፣ ከመሬትም ፍል ውኃ የሚመነጭበት ነበር። ፊንፊኔ ይባላል። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። የጉለሌና የሌሎች የኦሮሞ ጎሣዎች አባላት ከብታቸውን የሚያሰማሩበት፣ የሚያርሱበትና ሥርዓታቸውን የሚፈጽሙበት አገር ነበር። የመኳንንቱ ዜና መዋዕል ስለ ምንጩና ስለ ሜዳው ውበት ሲናገር ስለነዚህ ሰዎች የሚለው እጅግ ጥቂት ነው።

ቤተ መንግሥቱ በመጀመሪያ ወደ ፍልውኃ የወረደው ለመታጠብ ነው። ቁርጥማት የያዘው መኰንን ይታከምበታል፤ የንጉሡ ቤተሰብም ለወራት ድንኳን ተክሎ ይቀመጥበታል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸውም ጠየቁ። የአዲስ አበባ ስም የተገኘው እሳቸው ባዩት አበባ ምክንያት መሆኑን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ታሪክ ያወሳል፤ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉም ይህን ያውቃል። ትረካው ሐሰት ነው ለማለት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ አበባው ለስሙ እንጂ ለከተማው መቆም በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በዚያው ዓመት የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ። የግዛቱ ዳርቻ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየራቀ ሲሄድ ከተራራ አናት ላይ ሆኖ ሜዳውን መጠበቅ የነበረው ፋይዳ ቀነሰ። ገዢው ከምሽግ ወርዶ ፀሐይ ለመሞቅ የቻለው ጠላቱ ስለራቀለት ነው። የመኳንንቱ ሰፈር በየኮረብታው ሲመራ ግን ነባሩ ባለመሬት ወይ ገባር ሆነ፣ ወይም ከብቱን እየነዳ ተገፋ።

ሽግግሩ በአንድ ጀምበር አልተፈጸመም። ሰዉ እየወረደ ሥርዓተ መንግሥቱ ለጊዜው ላይ ቀረ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እዚያው ብርዱ ላይ፣ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ወደ ሜዳው የወረደው ሕዝብ ከዝናቡ አላመለጠም። እንጦጦ ላይ የዘነበው በቀበና፣ በግንፍሌና በቀጨኔ ወንዞች ተከትሎት ወረደ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ሰፈርን ከሰፈር ይቆርጥ ነበር፤ ገበያተኛው ሙላቱ እስኪጎድል ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያው ተራራ በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ መሪነት ውኃ በቧንቧ ተስቦ ግቢው ሲገባ፣ ሌላው ነዋሪ ግን በእንሥራ መቅዳቱን ቀጠለ።

የእንጨቱ ጥያቄም አብሮ ወርዷል። የሣርና የጭቃ ቤቶች በሺህ ሲቆጠሩ፣ ለምሰሶና ለማገር፣ ለእንጀራና ለወጥ፣ ለጠጅና ለአረቄ የሚነደው እንጨት በዙሪያው ያለውን ዛፍ ጨረሰው። ፀሐይ ያለበት ቦታ የማገዶን ፍጆታ ቢቀንስም አያስቀረውም። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ የጥንቱን ልማድ ሊደግሙ ተነሡ፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ገና እንጨት በነበረበት ስፍራ አዲስ ዓለም የተባለ መናገሻ መሥራት ጀመሩ። ግንባታው ብዙ ተጉዟል። አዲስ አበባም በዕድሜዋ ገና ልጅ ሳለች እንደ ልቼና እንደ እንጦጦ የተተወች ሰፈር ልትሆን ምንም ያህል አልቀራትም ነበር።

ያስቀራት ሁለት ነገር ነው። መኳንንቱ፣ ነጋዴዎቹና የውጭ አገር ልዑካን በድንጋይ ቤት ሠርተዋል፤ ድንጋይ እንደ ድንኳን ተጠቅልሎ አይጫንም። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች ያመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይላሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። መሬት ያለው ሁሉ ተከለው፤ የተራቆተው እንጦጦም ውሎ አድሮ በእርሱ ለበሰ። ከተማው ከእንጨት በኋላ መሄዱን ትቶ እንጨቱን ወደራሱ አመጣ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ።

ባሕር ዛፍ የምድሩን ውኃ ይመጣል፣ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ ብዙ አያበቅልም የሚለው ክስ እውነትነት አለው። ሆኖም ያለ እርሱ የዛሬዋን ዋና ከተማ ማሰብ ያስቸግራል። ስለ ከተማዋ አመሠራረት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ለእቴጌይቱ አበባ ገጾች ሲሰጥ ለዚህ ዛፍ አንድ አንቀጽ መስጠቱ ሚዛኑን የሳተ ነው። ለተሸካሚዎቹ ደግሞ እርሱም አይደርሳቸውም።

ምኒልክና ጣይቱ ከብርዱ በወረዱበት በዚያው ተራራ ቁልቁለት፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል አዝለው ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ንጋት ላይ ወደ ጉሙ ይወጣሉ፤ ከደን ጠባቂው ዐይን ተሰውረው ይለቅማሉ፤ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዐይናቸው ከመሬት ሳይነሣ ገበያ ይደርሳሉ። በክረምት መንገዱ ስለሚያንሸራትት አንዳንዷ ሸክሟን ትቀንሳለች፤ ከተማው ግን ይበልጥ እሳት የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው።