ናካሴሮ፤ የዜማና የዐዋጅ ኮረብታ

ካምፓላ የኮረብቶች ከተማ ናት። ከኮረብቶቿ አንዱ የሆነው ናካሴሮ ከገበያው፣ ከመሥሪያ ቤቶቹና ከሆቴሎቹ ሌላ የኡጋንዳ ሬዲዮ መኖሪያ በመሆኑ በአገሪቱ ታሪክ ልዩ ስፍራ ይዟል። ዛሬ በከተማዪቱ ጣቢያዎች «የድሮ ዘፈን» እየተባለ የሚደመጠውን ዜማ ታሪክ ለመረዳት ከዚሁ ኮረብታ መነሣት ይገባል።

የአገሪቱ ሬዲዮ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ ከ1962ቱ ነፃነት በኋላም «ሬዲዮ ኡጋንዳ» ተባለ። እስከ 1993 ድረስ የግል ጣቢያ ስላልነበረ ሽማግሌውም ወጣቱም ያንኑ አንድ ድምፅ ያደምጥ ነበር። የኮንጎ ሩምባ፣ በአንዲት ጊታር ታጅቦ የሚዘፈነው «ካዶንጎ ካሙ»፣ በ1975 የተመሠረተው የአፍሪጎ ባንድ ሥራዎች የአንድ ትውልድ የጋራ ትዝታ ለመሆን የበቁት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ያው ማይክሮፎን የዐዋጅም መሣሪያ ነበር። ጥር 25 ቀን 1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ሲይዝ አንድ ወታደር ለመፈንቅለ መንግሥቱ የተሰጡትን ዐሥራ ስምንት ምክንያቶች ያነበበው በሬዲዮ ኡጋንዳ ነው። በ1979 የአሚን ውድቀት፣ በ1985 ደግሞ የሚልተን ኦቦቴ ሁለተኛ ውድቀት ለሕዝብ የተነገረው በዚሁ ሬዲዮ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ መግለጫ ሲያነቡ በሬዲዮ የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ናካሴሮ ሌላም ድምፅ ነበረው። የአሚን የስለላ ድርጅት፣ «የመንግሥት ምርምር ቢሮ» የተባለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ኮረብታ ላይ ነበር። በ1979 መንግሥቱ ሲወድቅ በግቢው ውስጥ የእስረኞች አስከሬን ተገኝቷል። ሕዝቡ በሬዲዮ ዘፈን ሲያደምጥ፣ እዚያው ኮረብታ ላይ የሚሰቃየውን ሰው ድምፅ ግን ያሰማ ጣቢያ አልነበረም።

በ1993 ሳንዩ ኤፍ ኤም ሲከፈት፣ ካፒታል ሬዲዮም ሲከተለው የአንድ ድምፅ ዘመን አበቃ። ወጣቱ ወደ አዳዲስ ዜማዎች አዘነበለ። ቀድሞ የሁሉም የነበረው ዘፈን ደግሞ የጎልማሶች ብቻ ሆነ፤ እንደ ሬዲዮ ዋን ያሉ ጣቢያዎችም ለእነዚህ አድማጮች የቆየውን ዜማ ማቅረብ ያዙ። የድሮ ዘፈን ጣቢያ ሊኖር የቻለው፣ አስቀድሞ ብዙ ሰው በአንድነት ያደመጠው አንድ ጣቢያ ስለ ነበረ ነው።

ትዝታ ግን መራጭ ነው፤ ዜማውን ይዞ ዐዋጁን ይተዋል። የመንግሥት መዝገብም እንዲሁ ይመርጣል። የሬዲዮ ኡጋንዳ ወራሽ በሆነው በኡጋንዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተረስተው የኖሩ ሰባ ሺህ ያህል የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ተገኝተው ከፊሉ በ2019 በኡጋንዳ ሙዚየም ለእይታ ሲቀርብ፣ በአመዛኙ የታየው የአሚን ዘመን ሥነ ሥርዓትና ሰልፍ ነበር፤ ወህኒ ቤቱን የመንግሥት ካሜራ አላነሣውም። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን በዘፈኑ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ከዘፈኑ ጋር ያልተቀረጸውንም ድምፅ ለልጆቹ መንገር ይኖርበታል። ዜማው በካሴትም በሸክላም ይቆያል፤ ያልተቀረጸው ግን ከሰው አንደበት በቀር ማደሪያ የለውም።