ዛፍ፣ ሰዓትና ማዕበል፦ የተዋሱ ሞዴሎች በኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎች የታሪክ ጥናት

የኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋዎች ታሪክ ሲጻፍ ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግመው ይገኛሉ። አንደኛው «ይህ ቋንቋ ከዚያኛው የተለየው ከዚህን ያህል ዓመት በፊት ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ተናጋሪዎቹ ከዚህ ስፍራ ተነሥተው ወደዚያ ሄዱ» የሚል ነው። ሁለቱም ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ ወይም ከብራና የተነበቡ አይደሉም፤ ከሞዴል የተገኙ ናቸው። ሞዴሎቹም አብዛኞቹ በቋንቋ ጥናት ውስጥ የተወለዱ አይደሉም። ከፊሎቹ ከመጻሕፍት ምርመራ፣ ከፊሎቹ ከሥነ ሕይወት፣ ከፊሎቹም ከኬሚስትሪ የተዋሱ ናቸው። ሞዴል ከአንድ የዕውቀት ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሻገር የተወለደበትን ታሳቢ ይዞ ይሻገራል። የተቀበለው ዘርፍ ታሳቢውን ሳይመረምር ውጤቱን ብቻ ከወሰደ፣ ግምት የነበረው ነገር ውሎ አድሮ ታሪክ ይሆናል።

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ዛፉ ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ሽላይኸር የቋንቋ ቤተሰብን በዛፍ ሥዕል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው፤ ዳርዊን በ1859 ባወጣው መጽሐፉ ብቸኛውን የዛፍ ሥዕል ከማቅረቡ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሽላይኸር በቦን የተማረው ከፍሬድሪክ ሪችል ዘንድ ነበር። ሪችል ደግሞ የጥንት ጽሑፎችን ቅጂዎች በጋራ ስሕተታቸው እያዛመደ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚመረምር ሊቅ ነበር። የዚህ ዘዴ ታሳቢ እያንዳንዱ ቅጂ አንድ እናት ብቻ አለችው የሚል ነው። የግዕዝ መጻሕፍትን የመረመረ ሰው ግን ታሳቢው የት እንደሚሰበር ያውቃል። ቁም ጸሐፊው ሁለት ቅጂዎችን እያስተያየ ከጻፈ፣ አዲሱ መጽሐፍ ሁለት እናቶች ይኖሩታልና ዛፉ ሊሸከመው አይችልም። በቋንቋም ውሰት እንዲሁ ነው። የሽላይኸር ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ሽሚት ይህን በማስተዋል በ1872 የማዕበል ሞዴልን አቀረበ። በዚህ ሞዴል ለውጥ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ፣ የቋንቋን ድንበር ሳይጠብቅ፣ ድንጋይ እንደተጣለበት ኩሬ ወደ ዙሪያው ይሰፋል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1940ዎቹ መጨረሻ በራዲዮካርቦን ዕድሜን የመለካት ዘዴ ሲያበጁ፣ ሞሪስ ስዋዴሽ ተመሳሳይ ሐሳብ በቃላት ላይ ተግባራዊ አደረገ። ካርቦን በቋሚ ፍጥነት እንደሚፈርስ ሁሉ፣ መሠረታዊ ቃላትም በቋሚ ፍጥነት ይተካሉ ብሎ አሰበ። በስሌቱ መሠረት ከ100 ቃላት ዝርዝር ውስጥ በሺህ ዓመት 86 ያህሉ ሳይተኩ ይቆያሉ። ስለዚህ ከተለያዩ አንድ ሺህ ዓመት የሆናቸው ሁለት ቋንቋዎች 74 ያህል ቃላት ይጋራሉ ማለት ነው።

የዚህ ሰዓት ድክመት በቀላል ስሌት ይታያል። ሁለት ቋንቋዎች ከ100 ቃላት 60 ይጋራሉ እንበል። ቀመሩ የተለያዩበትን ጊዜ ወደ 1,700 ዓመት ያደርሰዋል። ከ60ዎቹ አምስቱ ውሰት ሆነው ቢገኙና ቁጥሩ ወደ 55 ቢወርድ፣ ጊዜው ወደ 2,000 ዓመት ያድጋል። ውሰቱ ቀርቶ በሺህ ዓመት የሚቆዩት ቃላት 86 ሳይሆኑ 90 ቢሆኑ፣ ያው 60 ቃል 2,400 ዓመት ይሰጣል። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ግምት ልዩነቱን በአክሱም መንግሥት ዘመን ውስጥ ያውለዋል፤ የመጨረሻው ደግሞ አክሱም ገና ሳትነሣ በፊት ያደርገዋል። በርግስላንድና ፎግት የተባሉት የኖርዌይ ምሁራን በ1962 እንዳሳዩት የአይስላንድ ቋንቋ በሺህ ዓመት ውስጥ እጅግ ጥቂት መሠረታዊ ቃላትን ብቻ ሲቀይር፣ ከዚያው ምንጭ የወጣው የኖርዌይ ጽሑፍ ቋንቋ ብዙ ቀይሯል። ካርቦን ጎረቤት የለውም፤ ቋንቋ ግን ጎረቤት አለው።

ዛፉና ሰዓቱ ኢትዮጵያ ሲደርሱ የገጠሟቸው ቋንቋዎች ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ቋንቋዎች ነበሩ። ሊዮኔል ቤንደር በ1971 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በቃላት ስታቲስቲክስ መድቦ አሳተመ። በጥናቱ ርዕስ ላይ ከምደባው ጎን «የስርጭት ችግሮች» የሚል መጨመሩ ደራሲው የዘዴውን ወሰን አስቀድሞ እንደተገነዘበ ያመለክታል። ችግሩን ከስዋዴሽ ዝርዝር ውስጥ በሚገኙ ጥቂት ቃላት ማየት ይቻላል። «ዐይን»፣ «ስም»ና «ደም» ከግዕዝ እስከ አማርኛ ቆይተዋል። በአንጻሩ ግዕዝ «ማይ»ና «ከልብ» የሚላቸውን ትግርኛ «ማይ»ና «ከልቢ» ብሎ ሲጠብቃቸው፣ አማርኛ «ውሃ»ና «ውሻ» ይላል። «ዓሣ» ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሦስቱም ቋንቋዎች ይጋሩታል፤ ነገር ግን ከዐረብኛም ሆነ ከዕብራይስጥ ስም የተለየ ሲሆን በአገው ቋንቋዎች ይገኛል። በቆጠራው ውስጥ «ዓሣ» እንደ «ደም» አንድ ነጥብ ያስገኛል። ቆጣሪው ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋል፤ የታሪክ አጥኚው ግን አንድ አድርጎ ሊያያቸው አይችልም።

ሮበርት ሄትዝሮን በ1972 ባሳተመው የምደባ ጥናቱ ዛፉን አልጣለም፤ ዛፉ የሚቆምበትን ማስረጃ ግን ለወጠ። ቃል በቀላሉ ይዋሳል፤ የግስ እርባታ ሥርዓት ግን በቀላሉ አይዋስም በሚል መነሻ፣ የጋራ የሥነ ምዕላድ ለውጦችን መለያ አደረገ። ውጤቱም ከካርታው ጋር የማይስማማ ሆነ። ስልጥኛ፣ ወለንኛና ዛይኛ ከጎረቤቶቻቸው ከምዕራብ ጉራጌ ቋንቋዎች ተለይተው ከሐረሪ ጋር ተቧደኑ፤ ይህ ቡድንም ከአማርኛና ከአርጎብኛ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ገባ። በሐረርና በስልጤ መካከል ዛሬ ሰፊ የኦሮምኛ ተናጋሪ አካባቢ አለ። ስለዚህ «ጉራጌ» የሚለው ስም የአንድ አካባቢ መጠሪያ እንጂ የአንድ የቋንቋ ቅርንጫፍ መጠሪያ ሆኖ አልተገኘም። የታሪክ አጥኚዎችም በሁለቱ አካባቢዎች መካከል የነበረውን ጥንታዊ ግንኙነት እንዲጠይቁ በር ተከፈተ።

ማዕበሉም የራሱን መንገድ ሄደ። ቮልፍ ሌስላው በ1945 የኩሽ ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ መረመረ። ቻርልስ ፈርጉሰን በ1970ዎቹ ይህን አስፍቶ «የኢትዮጵያ የቋንቋ አካባቢ» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ግሱን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማስቀመጥ፣ የቦዝ አንቀጽ አጠቃቀም፣ እንደ «ቀ»ና «ጠ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች፣ «ዝም አለ»ን የመሰሉ ከ«አለ» ጋር የሚጣመሩ ግሶች በዚህ ሐሳብ ከጠቀሷቸው ባሕርያት መካከል ናቸው። ማውሮ ቶስኮ ግን በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህን ሞዴል በብርቱ ተቸ። ከባሕርያቱ ብዙዎቹ ከአፍሮ-እስያዊ የዘር ግንድ የወረዱ ወይም አንዱ ሌላውን የሚያስከትል ስለሆኑ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ማስረጃ ሊቆጠሩ አይገባም አለ። ዛፉ ውሰትን እንደ ውርስ ሊቆጥር እንደሚችል ሁሉ፣ ማዕበሉም ውርስን እንደ ውሰት ሊቆጥር ይችላል።

ከዕፀዋት ጥናት የመጣው መላ ምት ደግሞ የተለየ ትምህርት ይዟል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የስንዴና የገብስ ዝርያዎችን ብዛት ካየ በኋላ፣ አገሪቱን ከሰብሎች መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ዝርያ በበዛበት ስፍራ ምንጩ አለ የሚለው ይህ አስተሳሰብ በቋንቋ ጥናትም አቻ አለው። ግሮቨር ሃድሰን በ1977 የሴማዊ ቋንቋዎች ብዝኃነት በኢትዮጵያ ከፍ ያለ መሆኑን መሠረት በማድረግ፣ የሴማዊው ቤተሰብ መነሻ በአፍሪካ ቀንድ ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ይህ ክርክር «ከደቡብ ዐረብ የተሻገረ ሕዝብ» የሚለውን የቆየ ትረካ በብርቱ የፈተነ ነበርና ዋጋው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዕፀዋት ጥናት ራሱ ሐሳቡ ተሻሽሏል። የጤፍና የእንሰት መገኛ ኢትዮጵያ ብትሆንም፣ ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የለመዱት በቅርብ ምሥራቅ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ በደጋው የአየር ንብረትና በገበሬው መራጭ እጅ በዙ። ብዝኃነት የመነሻ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የመድረሻ ፍሬም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ታድሶ ተመለሰ። አንድሩ ኪችን፣ ክሪስቶፈር ኤረት፣ ሽፈራው አሰፋና ኮኒ ማሊጋን በ2009 ለዘረ መል ጥናት የተዘጋጀ የቤይዝ ስታቲስቲክስ ዘዴን በ25 ሴማዊ ቋንቋዎች የቃል ዝርዝር ላይ ተጠቀሙ። አዲሱ ዘዴ የለውጡ ፍጥነት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እንዲለያይ ይፈቅዳል፤ ዘመናቸው የሚታወቅ ጥንታዊ ጽሑፎችንም እንደ መልሕቅ ይጠቀማል። ጥናቱ የሴማዊውን ቤተሰብ መነሻ በሌቫንት፣ ከ5,750 ዓመት ገደማ በፊት አስቀመጠ፤ ወደ አፍሪካ ቀንድም ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እንደገባ ገመተ። ይህ የስዋዴሽን ዋና ስሕተት ያረመ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ቁጥር በጥናቱ ውስጥ የቀረበው ከ4,400 እስከ 7,400 ከሚደርስ ክልል ጋር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ክልሉ ይወድቅና ነጠላው አኃዝ ይቀራል። ደግሞም ዛፉ የሚለካው የቋንቋን መለያየት እንጂ የሰዎችን ጉዞ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ያመጡትን ቋንቋ ብዙ የአገር ተወላጆች ሊወርሱት ይችላሉ፤ ቃሉ ተሻገረ ማለት ሕዝቡ ተሻገረ ማለት አይደለም።

የእነዚህ ሞዴሎች ታሪክ የሚያስተምረው ሞዴል መዋስ ይቅር የሚል አይደለም። ዛፉ ባይኖር ሐረሪና ስልጥኛ ባልተገናኙ፤ ማዕበሉ ባይኖር የአማርኛና የኩሽ ቋንቋዎች መቀራረብ እንደ አጋጣሚ በታለፈ ነበር። ሰዓቱም ቢሆን ያልሠራበት ስፍራ ራሱ የውሰትን መጠን ጠቁሟል። እያንዳንዱ ሞዴል ፍሬ ያፈራው ታሳቢው በገሃድ ተነግሮ ከሌላ ዓይነት ማስረጃ ጋር በተፋጠጠ ጊዜ ነው፤ የጎዳውም ታሳቢው ተረስቶ ቁጥሩ ብቻውን በተጠቀሰ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝቦች «ማን ቀድሞ መጣ፣ ማን በኋላ ደረሰ» በሚል ጥያቄ በሚከራከሩበት ዘመን፣ ከቃል ዝርዝር የወጣ አንድ አኃዝ ከሥነ ልሳን መድረክ ወጥቶ የይዞታ ማስረጃ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ዓመቱ በተጠቀሰበት ስፍራ ሁሉ ሞዴሉ፣ ታሳቢውና ክልሉ አብረው መጠቀስ አለባቸው።