የሲ. ኤል. ሙር አጫጭር ልብ ወለዶች

ሲ. ኤል. ሙር (ሙሉ ስሟ ካትሪን ሉሲል ሙር፣ 1911–1987) በአሜሪካ የሳይንሳዊና የምናባዊ ልብ ወለድ መጽሔቶች ላይ ከ1933 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የጻፈች ደራሲ ናት። (በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ረጅም ልብ ወለድም ጽፋለች፤ ስሟን ያቆዩት ግን ፍቅርን ከሌሎች ፕላኔቶች፣ ከጊዜ ጉዞና ከአስማት ጋር ያዋሃደችባቸው አጫጭርና መካከለኛ ርዝመት ያላቸው ታሪኮቿ ናቸው። በዘመኑ መጽሔቶች ፍቅር ብዙውን ጊዜ ጀግናው ጠላቱን ድል ሲያደርግ መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ሽልማት ነበር። በሙር ታሪኮች ውስጥ ግን አደጋው የሚመጣው በፍቅሩ በኩል ነው።

ሕይወት

ሙር ጃንዋሪ 24 ቀን 1911 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ ሕመም ይደጋግማት ስለነበር ብዙ ጊዜዋን በንባብ አሳልፋለች። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ብትገባም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ፣ ፍሌቸር ትረስት በተባለ የከተማዋ ባንክ በጸሐፊነት ተቀጠረች። በ1940 ደራሲውን ሄንሪ ካትነርን አገባች።

የብዕር ስሙ ጉዳይ

ስለ ሙር በሚጻፉ መግቢያዎች ላይ በብዛት የሚደጋገመው አባባል፣ ደራሲዋ የስሟን መነሻ ፊደላት ብቻ የተጠቀመችው ሴትነቷን ለመደበቅ ነው የሚል ነው። የመጽሔቶቹ አንባቢዎች በአብዛኛው ወንዶች እንደነበሩ ስለሚታመን አባባሉ ጥያቄ ሳይነሣበት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ኖሯል።

ሙር ራሷ በኋለኛ ዓመታት የሰጠችው ማብራሪያ ግን ከዚህ ይለያል። የተደበቀችው ከአንባቢዎች ሳይሆን ከባንኩ አለቆቿ ነበር። ሥራ እንደ ብርቅ በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ ከደመወዟ ውጪ ሌላ ገቢ እንዳላት ቢታወቅ ቦታዋን ለሌላ ይሰጡብኛል ብላ ሰግታ ነበር። ይህን ማብራሪያ የሚደግፍ ነገርም አለ። የመጀመሪያ ታሪኳን ያወጣው «ዊርድ ቴልስ» መጽሔት የሴቶችን ሥራ በሙሉ ስማቸው ያትም ነበር። ሜሪ ኤልዛቤት ካውንስልማን በ1934 በዚያው መጽሔት ላይ የታወቀ ታሪኳን ያወጣችው የሴት ስሟን ሳትሸሽግ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በዚህ መጽሔት ዘንድ ሴት መሆን በር የሚያዘጋ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል፣ አጭሩ ስም አንዳንድ አንባቢዎችን ማሳሳቱ አይካድም። ከተሳሳቱት ዋነኛው ካትነር ነው። በ1936 ለደራሲው ያለውን አድናቆት ሲገልጽ ደብዳቤውን የጻፈው ለ«አቶ ሙር» ነበር። መልሱ ከሴት መጣ፤ መጻጻፉ ቀጠለ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ተጋቡ። ይህ ገጠመኝ እጅግ ስለሚወደድ የብዕር ስሙ አመጣጥ በእሱ በኩል ብቻ ሲተረክ ይታያል። አለመግባባቱን ያቆየው ስሙ ያስከተለው ነገርና ስሙ የተመረጠበት ምክንያት አንድ ተደርገው መወሰዳቸው ይመስላል። ደራሲዋ በሕይወት ሳለች የተናገረችውን ወደ ጎን ብሎ የተለመደውን ተረክ ለመያዝ የሚያበቃ በቂ ምክንያት የለም።

የ«ሻምብሎ» አመጣጥ

«ሻምብሎ» በኖቬምበር 1933 በ«ዊርድ ቴልስ» ታተመ። የሙር የመጀመሪያ ታሪክ ነው የሚባለው ለክፍያ የታተመውን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ነው፤ በ1930 እና በ1931 በዩኒቨርሲቲዋ የተማሪዎች መጽሔት ላይ አጫጭር ጽሑፎች አውጥታለችና።

የአጻጻፉን ነገር ሙር በ1975 በወጣው የምርጥ ሥራዎቿ መድብል ውስጥ ባሰፈረችው ማስታወሻ ተርካዋለች። በጽሕፈት መኪና ላይ ጣቶቿን ለማፍጠን የተለመደውን የልምምድ ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች ስትመታ፣ ከትምህርት ቤት በከፊል የምታስታውሰው የግጥም ሐሳብ ጣልቃ ገባ፤ ቀይ የለበሰ፣ የሚሮጥ ሰው። ማን ነው የሚሮጠው? ከማን ነው የሚሸሸው? ለጥያቄዎቹ መልስ ስትሰጥ ልምምዱ ታሪክ ሆነ። የገጸ ባሕርያቱ ስሞችም ከቢሮው ጠረጴዛ የተነሡ ናቸው። የሕዋ ሽፍታው ኖርዝዌስት ስሚዝ ስሙን ያገኘው ሙር በባንኩ ከጻፈችው፣ ለአንድ ኤን. ደብሊው. ስሚዝ ለተባለ ሰው ከተላከ ደብዳቤ ነው። የቬነስ ተወላጁ ጓደኛው ያሮል ደግሞ «ሮያል» ከተባለው የጽሕፈት መኪናዋ ስም ፊደላቱ ተዘዋውረው የወጣ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ፋርንስዎርዝ ራይት የእጅ ጽሑፉን አንብቦ እንደጨረሰ በደስታ ቢሮውን ለዕለቱ ዘጋው የሚል ታሪክም አለ። ታሪኩ የሚመጣው ከመጽሔቱ ወዳጆች ትዝታ ስለሆነ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። ለታሪኩ የተከፈላት 100 ዶላር እንደነበር ግን ደራሲዋ ገልጻለች፤ በድቀቱ ዘመን ለአንድ የባንክ ጸሐፊ ትልቅ ገንዘብ ነበር።

የታሪኩ አጽም ቀላል ነው። በማርስ ላይ ባለች ከተማ ስሚዝ አንዲትን ቀይ የለበሰች ሴት ሊገድላት ከሚያሳድድ ሕዝብ ያድናታል። «የኔ ናት» ሲል ሕዝቡ በቁጣ አይጮኽበትም፤ በመጸየፍ ዓይቶት ይበተናል። ማደሪያው ይዟት ይሄዳል። ራሷ ላይ የጠመጠመችው ጨርቅ ሲፈታ ከሥሩ የሚወጣው ፀጉር አይደለም፤ ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ትል የሚርመሰመስ ነገር ነው። ፍጡሯ የሰውን ሕይወት የምትመገበው ደስታ እየሰጠች ነው፤ ስሚዝም እየተጸየፈ ይፈልጋታል። በመጨረሻ ያሮል ደርሶ፣ የግሪኩ ፐርሲየስ ሜዱሳን እንዳደረገው በመስታወት እያየ ወደ ኋላው ተኩሶ ይገድላታል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ የሜዱሳ ነገር ቢሆንም የታሪኩ ጥንካሬ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው አጭር ንግግር ላይ ነው። ያሮል፣ ሌላ ሻምብሎ ካጋጠመህ ሳታመነታ እንደምትገድላት ማልልኝ ይለዋል። ስሚዝ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። የሚሰጠው መልስ «እሞክራለሁ» የሚል ያህል ብቻ ነው፤ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። በዚያ ዘመን የሕዋ ጀግና እንዲህ ተሸንፎ ታሪክ ሲያልቅ ማየት እንግዳ ነገር ነበር።

ከ1934 እስከ 1940

በኦክቶበር 1934 ብቻ የሙር ሁለት የፍቅር ታሪኮች በሁለት መጽሔቶች ወጡ። «የጥቁሩ አምላክ መሳም» በ«ዊርድ ቴልስ» የፊት ሽፋን ሥዕል የተሠራለት ሲሆን፣ ጂሬል የተባለች የመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ ጦረኛ እመቤት የምትታይበት የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ጊዮም የተባለ ድል አድራጊ ግንቧን ይዞ በግድ ይስማታል። እሷም ለበቀል ከግንቡ ሥር ባለ ዋሻ ወደ ሲኦል መሰል ዓለም ወርዳ፣ ከአንድ የጥቁር አምላክ ሐውልት ከንፈር ላይ ገዳይ መሳም ይዛ ትመለሳለች። ጊዮም ሲሞት ግን ትወደው እንደነበር ይገባታል። ይህ ፍጻሜ ዛሬም ያከራክራል። አንዳንዶች ጀግናዋን ያዋረደ አድርገው ያዩታል። ሌሎች ደግሞ ጥላቻዋ ከምን ጋር ተቀላቅሎ እንደነበር ሳታውቅ መግደሏን የታሪኩ ቁም ነገር ያደርጉታል። ጽሑፉ ሁለቱንም ንባብ ይፈቅዳል፤ ሙርም በዲሴምበር 1934 ባወጣችው ተከታይ ታሪክ የጊዮምን ነፍስ ወደ ማሳረፍ መመለሷ ጉዳዩ እሷንም እንዳልለቀቃት ያመለክታል።

ሁለተኛው፣ «ደማቁ ቅዠት»፣ በ«አስታውንዲንግ ስቶሪስ» የወጣ ነው። ዲክሰን የተባለ ሰው ወደ ሌላ ዓለም ተልኮ ከአንዲት ካህን ጋር ይዋደዳል። በሰው መልክ የምትታየው በማታለያ ነው፤ እውነተኛ ገላዋ የሰው ዓይን የሚችለው አይደለም። እሷም የእሱን ገላ እንደዚያው ነው የምታየው። አካል፣ ዘርና ዓለም ሲቀነሱ ከፍቅር ምን ይተርፋል የሚለውን ጥያቄ በመጽሔት ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ያህል ገፍተው ከጠየቁ ቀደምት ታሪኮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። አጻጻፉ ግን በቅጽል የተጫነ ነው።

«የጊዜ ቀጠሮ» (ዲሴምበር 1936) በየዘመኑ አንዲትን ሴት ደጋግሞ የሚያገኝ የጊዜ ተጓዥ ታሪክ ነው። «ከአማልክት የላቀ» (ጁላይ 1939) ደግሞ ሁለት ሴቶችን የሚወድ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከየትኛዋ ጋር ቢጋባ የሰው ልጅ ምን እንደሚሆን ከሁለት የተለያዩ ዘመናት በመጡ የልጅ ልጆቹ አንደበት ያሰማል። ምርጫው ሁለቱንም ትቶ ሦስተኛ ማግባት ይሆናል። ይህ ታሪክ የወጣበት የ«አስታውንዲንግ» እትም ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወርቃማ ዘመን መጀመሪያ የሚሉት ነው፤ ሲጠቀስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በዚያው እትም የወጡት የአሲሞቭና የቫን ቮት ታሪኮች ናቸው። በ1940 በ«አንኖውን» መጽሔት የወጣው «የእውቀት ፍሬ» የኤደንን ታሪክ በአዳም ፍቅር በተያዘችው በሊሊት ዓይን ይተርካል።

የኖርዝዌስት ስሚዝ ተከታታይ ታሪኮች ግን ከሦስተኛው በኋላ መመሳሰል ይጀምራሉ፦ ስሚዝ እንግዳ ቦታ ይገባል፣ ኃይል ይውጠዋል፣ ለጥቂት ያመልጣል።

«እንደ እሷ ያለች ሴት አልተወለደችም»

በዲሴምበር 1944 በ«አስታውንዲንግ» የወጣው ይህ ታሪክ የሙር ምርጥ ሥራ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ዲርድሬ የተባለች ዝነኛ ዘፋኝና ዳንሰኛ በቲያትር ቤት ቃጠሎ ገላዋ ይጠፋል። ማልትዘር የተባለ ሳይንቲስት አንጎሏን አድኖ የብረት አካል ይሠራላታል። ታሪኩ የሚጀምረው የቀድሞ ሥራ አስኪያጇና አፍቃሪዋ ሃሪስ ከአንድ ዓመት በኋላ ሊያያት ሲመጣ ነው። ሃሪስ በሩን አልፎ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ብረቱ አይደለም። የድሮዋ ዲርድሬ በተለመደ አቀማመጧ ተቀምጣ ነው የሚያያት። ዓይኑ ከትዝታው ተላቆ ወርቃማውን ብረትና ፊት አልባውን ጭንብል ለማየት ጥቂት ቅጽበት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላም ሁለቱ ምስሎች እየተፈራረቁ ይመጡበታል።

ማልትዘር ሰው መሆኗ ጎድሏል፣ ሕዝቡ ይጸየፋታል ብሎ ራሱን ሊያጠፋ ይነሣል። እሷ ግን ያነሰች ሳትሆን የበለጠች መሆኗን በፍጥነቷና በጉልበቷ ታሳየዋለች። የሚያስፈራው ነገር የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከሰው ልጅ እየራቀች እንደሆነ ራሷ ታውቃለች፤ በመጨረሻው መስመርም ድምፇ ውስጥ የብረት ቃና ይሰማል። ስለ ሰውና ማሽን ከተጻፉት የዚያ ዘመን ታሪኮች መካከል ይህ የሚለየው ጥያቄውን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ይወዳት የነበረ ሰው ዓይን ላይ ስላስቀመጠው ነው።

«ምርጡ ወቅት» የማን ነው?

ሙርና ካትነር ከተጋቡ በኋላ የጻፉትን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ አቁሞ ከጽሕፈት መኪናው ሲነሣ ሌላው ተቀምጦ ይቀጥል እንደነበር ተናግረዋል። ሉዊስ ፓጄትንና ሎውረንስ ኦዶኔልን ጨምሮ በብዙ የብዕር ስሞች አሳትመዋል።

«ምርጡ ወቅት» በሴፕቴምበር 1946 በኦዶኔል ስም ወጣ። ኦሊቨር የተባለ ወጣት ቤቱን ለሦስት ያማሩ እንግዶች ያከራያል፤ ከእነሱ ክሌፍ ከምትባለው ጋርም ይዋደዳል። ልብሳቸው እንከን የለውም፣ መጠጣቸው ያሰክራል፣ ሙዚቃቸው ያስፈራል። ቀስ በቀስ የሚገለጠው ከወደፊት ዘመን የመጡ ጎብኚዎች መሆናቸው ነው። የመጡትም በከተማዋ ላይ የሚወርደውን መዓት ከጥሩ መስኮት ለማየት ነው። ክሌፍ ትወደዋለች፤ የሚመጣውን ግን አትነግረውም።

ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች ታሪኩን በዋናነት የሙር ያደርጉታል፤ አንዳንድ እትሞች ብቻዋን፣ ሌሎች ከባሏ ጋር ይጠቅሷታል። ለእሷ የሚያደላው ማስረጃ የአጻጻፍ ነው፦ ዝግ ያለ አካሄድ፣ የጨርቅና የቀለም ዝርዝር፣ ደስታና ፍርሃት በአንድ ጊዜ መምጣታቸው። እነዚህ ሁሉ «ሻምብሎ» ውስጥ አሉ። የአጻጻፍ ማስረጃ ግን ከአንድ ጠረጴዛ ለሚጽፉ ባልና ሚስት ሲሆን በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። ታሪኩ በ1973 የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር አባላት በድምፅ በመረጧቸው ሥራዎች መድብል ውስጥ ተካቷል፤ በ1992 ፊልም ሆኗል፤ ሮበርት ሲልቨርበርግም በ1989 ተጓዳኝ ታሪክ ጽፎለታል።

የኋላ ዘመን

ካትነር በ1958 ሞተ። ሙር ከዚያ በኋላ ለቴሌቪዥን ድራማዎች ጽፋለች፤ ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ግን አልተመለሰችም። በ1981 የዓለም የፋንታሲ ሽልማት የሕይወት ዘመን ተሸላሚ ሆናለች። በአልዛይመር በሽታ ታማ ኤፕሪል 4 ቀን 1987 አረፈች።

መድብል

በ1975 በሌስተር ዴል ሬይ አዘጋጅነት የወጣው የምርጥ ሥራዎቿ መድብል አሥር ታሪኮችን ይዟል፤ ከላይ በስም የተጠቀሱት ሁሉ በውስጡ አሉ። ሙርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው በዝነኛው «ሻምብሎ» ባይጀምር ይሻለዋል። ከመጨረሻው «ምርጡ ወቅት» ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢያነብ፣ የመጀመሪያዎቹን የቅጽል ክምር ለመታገሥ በቂ ምክንያት ይዞ ይደርስባቸዋል።