የካሸሩ ሥራ የት ሄደ?

አክስቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ነበረች። አሁንም እዚያው ናት፤ ሥራዋ ግን ደንበኞች ራሳቸው ሂሳብ የሚሠሩባቸውን ስድስት ማሽኖች መጠበቅ ሆኗል። ስንደዋወል «ድሮ የማስተናግደው አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ ስድስቱም አንዴ ይጠሩኛል» ትለኛለች። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። አንድ ሥራ ጠፋ ሲሉኝ ወደ ማን እንደዞረ መፈለግ ልማዴ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ማሽኑ ሳይመጣ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) እስከ 1916 ድረስ የአሜሪካ አስቤዛ መሸጫ እንደኛ ሰፈር ሱቅ ነበር፦ ባንኮኒ ፊት ቆመህ ስኳር ትላለህ፣ ባለሱቁ መዝኖ ይሰጥሃል። በዚያ ዓመት ክላረንስ ሳንደርስ ሜምፊስ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊን ከፈተ። ደንበኛው ቅርጫት ይዞ ገባ፣ ከመደርደሪያው ራሱ አነሳ። ሰው ወደደው፤ ዕቃ ማምጣት ግን የገዢው ሥራ ሆነ። ሰኔ 1974 ኦሃዮ፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ አንድ እሽግ ማስቲካ በባርኮድ ተነበበ። ካሸሯ ዋጋ በጣቷ መምታቷ ቀረ። በ1980ዎቹ ደግሞ ዴቪድ ሃምብል የሠራው ማሽን ማንበቡንም ለገዢው አስረከበ።

ሕጉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ካሊፎርኒያ በ2011 ባወጣችው ሕግ በሴልፍ ቼክአውት አልኮል መሸጥ ከለከለች፤ መታወቂያ የሚያይ ሰው ያስፈልጋልና። በ2024 ሴናተር ሎላ ስሞልውድ-ኩዌቫስ ሱፐርማርኬቶችንና ፋርማሲዎችን የሚመለከት ሰፋ ያለ ረቂቅ አቀረቡ፤ ሳይጸድቅ ቀረ። በ2025 ግን የሎንግ ቢች ከተማ ምክር ቤት ደንብ አወጣ፦ ለሦስት ማሽን ቢያንስ አንድ ሠራተኛ፣ ለአንድ ደንበኛ ከ15 ዕቃ ያልበለጠ። አንዳንድ መደብሮች ሠራተኛ ከመጨመር ማሽኑን መዝጋት መረጡ። የሰው ቅሬታ ገባኝ፤ እኔም ሁለት ዕቃ ይዤ መሰለፍ አልወድም።

መጀመሪያ «ለምን ሦስት?» ብዬ ስቄ ነበር። በኋላ የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ። ሰርቨር ጭነት በዝቶበት እንዳይወድቅ ገደብ እናደርግለታለን፤ ይህን ማንም ቴክኖሎጂ መጥላት ነው አይልም። ደንቡም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ገደቡ የተደረገው ለሰው መሆኑ ነው።

የአክስቴ መደብር ሎንግ ቢች ውስጥ አይደለም። የእሷ ማሽኖች አሁንም ስድስት ናቸው።